ከለገጣፎ ተነስቶ የበረዶ ግግር ለማየት፦ የትኛው መርከብ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «ለገጣፎ የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ካልጋሪ ያለው ወንድሜ እኔንና የ74 ዓመት እናታችንን በመርከብ ወስዶ የበረዶ ግግር ሊያሳየን ቆርጦ ተነስቷል። ሦስት አማራጭ ልኮልኛል። አንደኛው በሐምሌ ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ፣ 4,000 ሰው የሚጭን አዲስ መርከብ ነው። ሁለተኛው በዚያው ወር ከቫንኩቨር ተነስቶ የሚመለስ፣ 2,000 ገደማ የሚጭን ቆየት ያለ መርከብ። ሦስተኛው በኅዳር 150 ሰው ብቻ ይዞ አንታርክቲካ የሚሄድ። ትልቅ መርከብ አይናወጥም ሲባል ስለሰማሁ ልቤ ወደ መጀመሪያው አድልቷል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም አታፈርስም። ብርዱን እንችለዋለን? በረንዳ ያለው ክፍል የግድ ነው? ታይታኒክን የሰበረው ዓይነት በረዶስ አያሰጋም?»

ምርጫውን ከመርከቡ ትልቅነት መጀመር አይገባም። ባሕር ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሆዱ መረጋጋቱና አለመረጋጋቱ በአብዛኛው የሚወሰነው መርከቡ በሚሄድበት ውሃ ነው። ከቫንኩቨር የሚነሳው መርከብ ሰሜናዊውን ጉዞ የሚጀምረው በቫንኩቨር ደሴትና በዋናው ምድር መካከል ባለው ጠባብ የባሕር መንገድ ነው። ከዚያ በኋላም አብዛኛው ጉዞ በደሴቶች መካከል ስለሆነ፣ ከፓስፊክ የሚመጣውን ማዕበል ደሴቶቹ ይሰብሩለታል። ክፍት ባሕር የሚያገኘው እንደ ኩዊን ሻርሎት ሳውንድና ዲክሰን ኢንትራንስ ባሉ ቦታዎች ለጥቂት ሰዓታት ነው። ከሲያትል የሚነሱት ትልልቆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁዋን ደ ፉካ የባሕር ሰርጥ ወጥተው ከቫንኩቨር ደሴት በስተምዕራብ፣ ማለትም በክፍቱ ፓስፊክ በኩል ነው የሚያልፉት። 4,000 ሰው የሚጭን መርከብም እዚያ ይናወጣል፤ ልዩነቱ ቀስ ብሎ መወዛወዙ ነው። ቀስ ያለው መወዛወዝ ደግሞ አንዳንዱን ሰው ከፈጣኑ ይበልጥ ያቅለሸልሸዋል። ከመርከቡ ጎንና ጎን ውሃ ውስጥ የሚዘረጉት ክንፎች የግራ ቀኙን ውዝዋዜ ይቀንሳሉ እንጂ አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ምንም አያደርጉም። ስለዚህ እርስዎ በእርጅናው የጠረጠሩት መርከብ የተሻለው ውሃ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛው ጉዳይ የካናዳ ፓስፖርት የያዘው ወንድምዎ ከነጭራሹ ትዝ የማይለው ነው። የሲያትሉ መርከብ ወደ ማብቂያው ላይ ቪክቶሪያ በምትባል የካናዳ ከተማ አንድ ምሽት የሚቆመው ለጉብኝት ብሎ አይደለም። ከ1886 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የአሜሪካ ሕግ፣ የሌላ አገር ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ የጫነውን መንገደኛ የውጭ አገር ወደብ ሳይነካ መልሶ አሜሪካ እንዳያራግፍ ይከለክላል። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባንዲራቸው የባሃማስ፣ የቤርሙዳ፣ የፓናማ ወይም የኔዘርላንድስ ነው። ለካናዳዊ ይህ የወረቀት ጨዋታ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ግን አሜሪካ ገብቶ፣ ወጥቶ፣ እንደገና መግባት ማለት ነው። አሜሪካ ደግሞ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ፣ ዕድሜውንም ሦስት ወር አድርጋዋለች። ከካናዳ በአጭር ጊዜ የሚመለስን ሰው የሚመለከት ልዩ ደንብ አለ። ይሁን እንጂ በወደቡ በር ላይ ቆሞ ፓስፖርት የሚያገላብጠው የመርከቡ ሠራተኛ ደንቡን እስኪያጣራ መርከቡ አይጠብቅዎትም። በዚያ ላይ ተማምኖ እናትን ይዞ መሄድ አይመከርም።

ከቫንኩቨር ደርሶ መልስ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። የአሜሪካ መኮንኖች ፓስፖርት የሚያዩት እዚያው ቫንኩቨር ወደብ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ነው። አላስካ አንዴ ትገባላችሁ፣ ጉዞው ሲያልቅ ካናዳ ትወርዳላችሁ። የካናዳውን ቪዛ ለወንድምዎ ስትሉ ማውጣታችሁ ስለማይቀር ደጋግሞ የሚያስገባ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። የአሜሪካውን በተመለከተ ሦስት ወር ማለት በጥር የተመታ ቪዛ በሐምሌ ሞቷል ማለት ነው። ቀጠሮውን ቀድማችሁ ያዙ፤ ቃለ መጠይቁ ግን ወደ ጉዞው ወቅት የተጠጋ ይሁን። ፓስፖርቱ ላይ ሲለጠፍም ስንት ጊዜ እንደሚያስገባና መቼ እንደሚያበቃ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ።

ብርዱን ይቻላል? ለገጣፎን የቻለ ይችለዋል። የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ በሐምሌ ቀን ቀን 18 ዲግሪ ገደማ ትደርሳለች፣ ሌሊት 10 እና 11 ነው። በእኛ የሐምሌ ክረምት ከቤት ሲወጡ የሚሰማዎት ማለት ነው። የሚያስቸግረው ሌላ ነው። አንደኛው ዝናብ ነው፤ ኬቺካን የምትባለው ወደብ በዓመት 3,800 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል፣ አዲስ አበባ ከዚያ ሲሶውን ያህል ነው የምታገኘው። ሁለተኛው ከግግሩ ላይ ተንሸራቶ የሚወርደው ነፋስ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶ እያለ ጆሮ ያቃጥላል። እናትዎ ጋቢያቸውን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ይያዙ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለመመልከት ከጋቢ የሚሻል የለም። ወደብ ሲወርዱ ግን ክፍል ውስጥ ይተዉት። የራሰ ጥጥ ይከብዳል፣ ሙቀትም አይይዝም፣ መርከብ ላይ ቶሎ አይደርቅም። ለምድር የሚሆነው ከውስጥ ሱፍ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ኮፍያ ያለው ጃኬት፣ ከሥር የማያንሸራትት ጫማ ነው። የአውሮፓ ክረምት ካፖርት ለመግዛት ገንዘብ እንዳታወጡ።

አሁን የመጣችሁበት ነገር ላይ ልድረስ። አላስካ የሚሄድ መርከብ ሁሉ አንድ ዓይነት በረዶ አያሳይም፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ምንም ዋስትና አይደለም። ከሁሉ የምመርጠው ግሌሸር ቤይ የተባለውን ብሔራዊ ፓርክ ነው። በቀን የሚገባው ትልቅ መርከብ ቢበዛ ሁለት ነው። ፈቃዱ የተመደበ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ የያዙት እንደ ሆላንድ አሜሪካና ፕሪንሰስ ያሉ በዚያ ባሕር የቆዩ ኩባንያዎች ናቸው። ሌሎቹ ወደ ሃባርድ ግግር ወይም ኢንዲኮት አርም ወደሚባለው ጠባብ የባሕር ክንድ ይሄዳሉ። እነዚህም መጥፎ አይደሉም፤ ሃባርድ በስፋቱ ከሁሉም ይበልጣል። ነገር ግን ተንሳፋፊው በረዶ ሲበዛ መርከቡ ሳይጠጋ የሚመለስበት ቀን አለ። ግሌሸር ቤይ ውስጥ ቀኑን ከሞላ ጎደል ሙሉውን እዚያው ትውላላችሁ። በ1794 የካፒቴን ቫንኩቨር ሰዎች በዚያ ሲያልፉ የባሕር ሰላጤ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አፉ ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ያለች ጎድጓዳ ብቻ ነበረች፣ የቀረው በረዶ ነበር። ዛሬ መርከቡ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው ማርጀሪ ከሚባለው ግግር ፊት የሚቆመው።

ማርጀሪ ፊቱ ወደ 1.6 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ከውሃው በላይ 75 ሜትር ያህል ይቆማል። መርከቡ ራቅ ብሎ ስለሚቆም ከፊቱ አንድ ቁራሽ ሲገነጠል መጀመሪያ የምታዩት በዝምታ ሲወድቅ ነው። ድምፁ የሚደርሰው ውሃው ከተረጨ በኋላ ነው። በድምፁ ደንግጦ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ሁልጊዜ የሚቀርጸው የቀረውን ሞገድ ነው። እዚያ ባሕር ላይ በመርከብ መኮንንነት ስሠራ ይህን ለመንገደኛ መንገር የዕለት ሥራዬ ነበር፣ የሚሰማ ግን አልነበረም። ከመገንጠሉ በፊት እንደ ጨው የደቀቀ በረዶ ከአንድ ቦታ ደጋግሞ ይረግፋል፤ ካሜራውን እዚያ ላይ አቅንቶ መጠበቅ ነው። ውሃው ወተት የተቀላቀለበት አረንጓዴ የሚመስለው ግግሩ የፈጨው የድንጋይ ዱቄት ስላለበት ነው። ሰማያዊነቱ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለው በረዶ የብርሃኑን ቀይ ወገን ስለሚውጠው ነው፤ ስለዚህ ደመናማ ቀን ሆነብን ብላችሁ አትዘኑ፣ ሰማያዊው ይበልጥ የሚጎላው ያን ቀን ነው።

ከዚህ የተነሳ መርከቡን ስትመዝኑ ስለ መዋኛውና ስለ ቲያትሩ ሳይሆን ውጭ መቆሚያው የት እንደሆነ ጠይቁ። ከውሃው ብዙ ያልራቀ፣ ጣሪያ ያለውና መርከቡን ዙሪያውን የሚያስኬድ ሰገነት ያለው መርከብ ለዚህ ጉዞ ወርቅ ነው። ቆየት ያሉትና መካከለኞቹ አብዛኛውን ጊዜ አላቸው። በአዳዲሶቹ ግዙፎች ላይ ቦታውን የሕይወት አድን ጀልባና ምግብ ቤት ወስዶታል፣ ውጭ ለመቆም አሥራ ምናምነኛው ፎቅ ላይ ትወጣላችሁ፣ ዓሣ ነባሪውም ከዚያ ላይ ሆኖ ሲታይ የሆነ ጥቁር ነገር ነው። ሌላው የመርከቡ ርዝመት ነው። 4,000 የሚጭኑት ከ300 ሜትር በላይ ናቸው። ከክፍል እስከ ምግብ አዳራሽ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለሱ ስታስቡት ለታመመ ጉልበት ትንሽ ነገር አይደለም። በመጠኑ እንደ ኒው አምስተርዳም ያለ፣ 2,100 ገደማ መንገደኛ የሚይዝ መርከብ ለእናትዎ ልኩ ነው።

በረንዳ የግድ አይደለም፤ ግግሩ ፊት መርከቡ ቀስ ብሎ ዞሮ በሁለቱም ጎን ላሉት ያሳያል። ለእርስዎ ብቻ ቢሆን መስኮት ያለው ክፍል ይበቃል እል ነበር። ለእናትዎ ግን በረንዳው ገንዘቡን ያወጣል። ቆሞ መጠበቅ የማይችል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በሩን ከፈት አድርጎ ማየት ይችላል። ቦታው ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ከመርከቡ ወገብ አካባቢና ከአሳንሰሩ ብዙ ያልራቀ ይሁን፤ የሚናወጠውም ያነሰው እዚያ ነው። ጀልባ የሚጋርደው ክፍል ርካሽ ሆኖ ሲቀርብላችሁ ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያው ነው። በሐምሌ አጋማሽ ጁኖ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው፣ የምትወጣው ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ ትንሽ ቆይታ። መጋረጃውን ካልዘጉ እናትዎ ነጋ ብለው ለጸሎት ይነሳሉ።

ጾሙን በተመለከተ ቀኑን መምረጥ ከማንኛውም ልመና ይሻላል። የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ በነሐሴ 1 ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለአላስካም ከሚሞቁት ሳምንታት ውስጥ ነው፤ ነሐሴ እየገፋ ሲሄድ ዝናቡ ይጨምራል። ረቡዕና ዓርብ ግን ይቀራሉ። ለመርከቡ ኩባንያ ትኬቱ እንደተቆረጠ «ቪጋን» ብላችሁ በጽሑፍ አስመዝግቡ። ሥጋ አንበላም ብቻ ካላችሁ ቅቤና አይብ የገባበት ይቀርብላችኋል። በተረፈው ቀን ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሆላንድ አሜሪካ መርከቦች ላይ በግግሩ ቀን ለሚበርዳቸው መንገደኞች የሚታደለው ትኩስ የአተር ሾርባ በልማዱ የአሳማ ሥጋ የሚገባበት ነው። ሽታው ያስጎመጃል። ሳይጠይቁ እንዳይቀምሱ።

ታይታኒክን ተዉት። እሱ በ1912 በአትላንቲክ መካከል፣ በሌሊት፣ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ነው የተመታው። ከዚያ አደጋ በኋላ ነው የመርከብ ደህንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1914 የተፈረመው። አላስካ ውስጥ መርከቡ ግግሩ ጋ የሚጠጋው በቀን ብርሃን፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ የአካባቢውን ውሃ የሚያውቅ መርከብ መሪ ካፒቴኑ አጠገብ ቆሞ ነው። ሁላችሁም የምትገኙበት የአደጋ ጊዜ ልምምድ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ይደረጋል፤ በቁም ነገር ተከታተሉት። እኔን የሚያሳስበኝ በረዶው ሳይሆን ሕክምናው ነው። መርከብ ላይ ሐኪም አለ፣ ሆስፒታል ግን የለም፤ የ74 ዓመት ሰው ከዚያ በሄሊኮፕተር ማውጣት ቤተሰብ የሚያደኸይ ወጪ አለው። አስቸኳይ የሕክምና ማጓጓዣን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ሳትይዙ እንዳትሳፈሩ። የማቅለሽለሽ ክኒን የሚሠራው ማቅለሽለሹ ሳይጀምር ሲወሰድ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ያስተኛሉ፣ እንቅልፍና የሚንቀሳቀስ ወለል አንድ ላይ ሲሆኑ አረጋዊ ይወድቃል። እናትዎ ከሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ጋር እንዲታይ ሐኪማቸውን ጠይቁ። የዘወትር መድኃኒታቸውም በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ትልቁ ሻንጣ ወደ ክፍል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

አንታርክቲካው ለእናንተ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነስቶ ድሬክ የሚባለውን የዓለም ክፉ ባሕር ለማቋረጥ ሲሄዱ ሁለት ቀን፣ ሲመለሱ ሁለት ቀን ነው። ምድር የሚወረደው ከምትዘልል የጎማ ጀልባ ላይ ወደ ድንጋይ በመሻገር ነው፣ ለጉልበታቸው ቅጣት ነው። ከ500 በላይ የጫነ መርከብ ደግሞ ጭራሽ ሰው አያወርድም። በአላስካም ከ100 ሰው በታች የሚይዙ ትናንሽ መርከቦች አሉ፤ የአሜሪካ ባንዲራ ያላቸው ስለሆኑ ካናዳን ሳይነኩ ከጁኖ ይነሳሉ፣ ድብ ሲታይም ቆመው ይጠብቃሉ። ዋጋቸው ግን ጆሮ የሚያስይዝ ነው፣ ብዙዎቹም አሳንሰር የላቸውም። ዘመድ አውሮፓ ያላቸው አንባቢዎች ቢጠይቁኝ የምልካቸው ወደ ኖርዌይ ነበር፦ በ1893 የተጀመረውና ዛሬ ከበርገን ወደ ሰሜን መንገደኛና ዕቃ እያመላለሰ በ34 ወደቦች የሚቆመው የባሕር ዳር መስመር አንድ የሸንገን ቪዛ ይበቃዋል። ወንድምዎ ካልጋሪ እስካለ ድረስ ግን ይህ የእናንተ መንገድ አይደለም።

ወደብ ላይ ስለምታደርጉት አጭር ነገር ልበል። ስካግዌይ ስትደርሱ ለእናትዎ የሚሆነው በ1898 እና በ1900 መካከል የተሠራው የኋይት ፓስ ባቡር ነው፤ ተቀምጠው ገደሉንና ፏፏቴውን ያያሉ። አስጎብኚው ስለ ከፍታው አጋኖ ሲያወራ ፈገግ በሉ፣ ጫፉ 900 ሜትር አይሞላም፣ ከለገጣፎ ወርዳችሁ ነው የመጣችሁት። ቲኬቱ ግን ጫፍ ደርሶ የሚመለሰው ይሁን። ድንበሩን አልፎ ወደ ካናዳ ዩኮን የሚዘልቅ አውቶቡስም ባቡርም አለ፣ በአንድ ጊዜ ቪዛ እሱ ላይ መውጣት ማለት ለመርከቡ ተመልሶ መግቢያ ማጣት ነው። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ፦ አላስካ ከቫንኩቨር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነች፣ «ሁሉም በ4፡30 ይሳፈር» የሚለው ማስታወቂያም በእኛ 10፡30 ነው። የዘገየ መንገደኛ መርከቡን የሚያየው ከኋላው ነው። ጁኖ በመኪና መንገድ ከየትም ጋር የተገናኘች ከተማ ስላልሆነች ተከትሎ መድረስ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ለወንድምዎ የሚልኩለት መልስ ይህ ይሁን፦ ሁለተኛው፣ የቫንኩቨሩ፣ ሰባት ሌሊት፣ ከሐምሌ 6 በኋላ ተነስቶ ፍልሰታ ሳይገባ የሚመለስ። የጉዞ ዝርዝሩ ላይ «ግግር ማየት» ብቻ ሳይሆን «ግሌሸር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ» የሚል በስሙ ተጽፎ ካላየ ሌላ ቀን ወይም ሌላ መርከብ ይፈልግ። ዋጋውን ሲያነጻጽርም የሠራተኛ ጉርሻው፣ የወደብ ክፍያው፣ ኢንተርኔቱና የምድር ጉብኝቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተለጠፈው ዋጋ ውጭ መሆናቸውን ያስላ። ከካልጋሪ ወደ ቫንኩቨር የምትበሩት መርከቡ ከሚነሳበት ዋዜማ ባልዘገየ ቀን ነው። ቀብዱን ደግሞ ቪዛ ሲከለከል የሚመልስ ከሆነ ብቻ አሁን ይክፈል፤ ካልሆነ የሁለታችሁም ፓስፖርት ከኤምባሲ እስኪመለስ ይቆይ።